የሴቶቹ ማንኳኪያ

ዱይስቡርግ፣ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1997

ለተከበሩ እህቴ ለሙዘየን፤

የአላህ ሰላምና እዝነት በእርስዎና በደጃፍዎ ላይ ይሁን። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። እኛ ከጉንፋን በቀር ደህና ነን። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ የዚህን አገር ዝናብ ማየት ሆኗል።

ይህን የምጽፍልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው። የመጨረሻዋ ልጄ በሪን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል፤ የቱርክን ምድር፣ የትውልድ ከተማችንን ሳፍራንቦሉን ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። የእኔና የእርስዎ አያቶች ወንድማማቾች እንደነበሩ፣ እናቴ ፓኪዜ አባቴ ከሞተ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ከእርስዎ ጋር በዚያ ቤት እንደኖረች ስነግራት ተረት የማወራ ይመስላታል። ለአረፋ በዓል ሱዛነ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ልትመጣ ተነሥታለች። «አሮጌውን ሰፈር በእግሬ ነው የማየው፤ ድንጋዩን መርገጥ እፈልጋለሁ» ትላለች። እርስዎ እንግዶችን በእግር እያዞሩ እንደሚያሳዩ ሰምታ ደስታዋ ልክ የለውም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ልጆቹ የሚያርፉት ከደጃፉ በላይ፣ ፎቁ ላይ ወደ መንገዱ ተንጠልጥሎ በሚታየው የፊት ክፍል ይሁን። እናቴ በመጨረሻዋ ክረምት የተኛችበት ነውና ልጄ በዚያ መስኮት አጮልቃ እንድታይ እፈልጋለሁ። የአገር ወሬ ይጻፉልኝ፤ ቤቱስ እንዴት ነው?

አክባሪ ወንድምዎ ሃይረቲን


ሳፍራንቦሉ፣ ማርች 7 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃይረቲን፤

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ጉንፋንህን ደግሞ ለጠላትህ ያድርገው። ፖስተኛው ደብዳቤህን ሲሰጠኝ ላዩን ዳበስ ዳበስ አድርጎ «ከጀርመን ነው፤ ቸኮላት ግን የለበትም» ብሎ ቀለደብኝ።

ጤናዬን ጠይቀሃል። ጉልበቴ ዳገት ባየ ቁጥር ይሳደባል እንጂ ደህና ነኝ። እግሬ ነው የሚያኖረኝ። የአውቶቡስ እንግዶች ሲመጡ ከጫማ ሠሪዎቹ ገበያ ወደ አንጥረኞቹ፣ ከአንጥረኞቹ ወደ ድልድዩ፣ ከዚያም ዳገቱን ይዣቸው ወደ እኛ መንገድ እወጣለሁ። መጨረሻ ላይ የማሳያቸው የራሴን በር ነው። በሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለቱን የብረት ማንኳኪያዎች መቼም አትረሳቸውም። «ይሄ ወፍራሙ የወንድ ነው፣ ድው! ይላል። ይቺ ቀጭኗ የሴት ናት፣ ቅጭል ትላለች። ውስጥ ያለ ሰው ድምፁን ሰምቶ ማን ሊከፍት እንደሚገባው ያውቃል» እላቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ባንድ ካልመታን ይላሉ። ባለፈው አንዷ የአንካራ ሴት «የኔ ባል ድምፁ ከኔ ይቀጥናል፤ እሱስ የቱን ይምታ?» ብላ ሰውን ሁሉ በሳቅ ገደለችው።

የአገር ወሬ ካልክ፣ ከቤታችን ጥግ ያለው የድንጋይ ምንጭ ከመከር ጀምሮ ደርቋል። ሰማዩ እንዲህ እያለቀሰ ምንጩ መድረቁ ያስገርማል። አሮጊቶቹ «ውሃው ተቀይሞን ነው» ይላሉ። የፊት ክፍሉ በር ደግሞ አልዘጋ ብሎኛል፤ እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ይሆናል።

በሪን እንኳን ትምጣ፤ እንግዳ የአላህ ነው። ግን ከድልድዩ ማዶ ንጹሕ ማረፊያ ተከፍቷል፤ ማሞቂያ አለው፤ ልጆች ሙቅ ውሃ ይወዳሉ። ቀን ቀን እኔ አዞራቸዋለሁ፣ ምሳም ከኔ ጋር ይበላሉ፤ ሲመሽ ወደ ማረፊያቸው ይሂዱ። ለልጆቹ ይሻላል ብዬ ነው።

እህትህ ሙዘየን


ዱይስቡርግ፣ ማርች 16 ቀን 1997

ለእህቴ ለሙዘየን፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቴም ደስ አላለኝም።

የፓኪዜ የልጅ ልጅ የአያቷ አልጋ እያለ ሆቴል ትደር? ሰፈሩ ምን ይላል? ያስቸገርኩዎ ከሆነ በግልጽ ይንገሩኝ። ጎድሎብዎ ከሆነም አይፈሩኝ፤ የእንግዳውን ወጪ እኔ እልካለሁ። ነገር ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አንድ ነገር ደብቀውኛል። እርስዎ በሕይወትዎ ለእንግዳ በር ዘግተው አያውቁም።

በሪን የአውቶቡስ ቦታዋን ይዛለች። የበዓሉ ዋዜማ ትደርሳለች።

ሃይረቲን


ሳፍራንቦሉ፣ ማርች 25 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃይረቲን፤

አላህ ከቁጣህም ከፍርሃቴም ይጠብቀን። ገንዘብ አልጎደለብኝም። የጎደለብኝ ወኔ ነው።

በስልክ እንዳልነግርህ ስልኩ ያለው የሰፈሩ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ባለሱቁ አንድ ጆሮውን ለሚዛኑ፣ አንድ ጆሮውን ለኔ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ስቀህ አትጨርሰኝ።

በሬን የሚያንኳኳ አለ። ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ በብርዱ ወራት ነው የጀመረው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ትንሿ፣ የሴቷ ማንኳኪያ ቅጭል ቅጭል ትላለች። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ። ወርጄ እከፍታለሁ፣ ሰው የለም። መንገዱ ባዶ ነው። የመጀመሪያ ቀን የሰፈር ልጆች ይቀልዱብኛል አልኩ። ከዚያ ሌላ ቀን ከውስጥ በሩ ሥር ተደብቄ ጠበቅኳት። መታች። በዚያችው ቅጽበት ከፈትኩ። ማንም የለም ሃይረቲን! እንዲያ ፈጥኖ ዳገቱን የሚወርድ እግር የለም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስክረጋጋ ድረስ በሩን እንኳ መዝጋት አቃተኝ።

ሹክሩን ታስታውሰዋለህ፣ ከፊት ለፊት ያለው አንጥረኛ። ቀኑን ሙሉ ደጁ ላይ ስለሚቀመጥ ጠየቅኩት።

«ሹክሩ፣ አሁን በሬን የመታው ማነው?»

«አላየሁም።»

«ድምፁንስ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። የሴቷ ናት። የሴት ማንኳኪያ ስትጮህ ቀና ብዬ የማይ ባለጌ እመስልሻለሁ?»

«ሰባ ሊሞላኝ ነው እኮ! ምኔን ልታይ ነው?»

«አንቺን ማን አለ? የመጣችውን ነው። አባቴ ያስተማረኝ እንዲያ ነው፤ ቀጭኗ ስትጮህ ወንድ ልጅ አንገቱን ይደፋል።»

ይኸው፣ ጨዋ ጎረቤት መኖሩም አንዳንዴ መርገምት ነው። ሴቶቹን ብጠይቅ ደግሞ አንዷ «ጂን ነው» ትላለች፣ ሌላዋ «ወፍ በአፏ እየመታችው ነው» ትላለች። ድመቴ እንኳ ከድታኝ ሹክሩ ቤት ገብታለች፤ ብጠራት ደጃፌ ላይ ቆማ ታየኛለች እንጂ አትገባም።

አሁን ልናገር የፈራሁትን ልናገር። እናትህ ከገበያ ስትመለስ እንዲህ ነበር የምትመታው። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይደነግጥ። በሪን የፊት ክፍሉ ውስጥ ተኝታ ያንን እንድትሰማ አልፈልግም። ይኸው ነው። የልጅን ልብ ማስደንገጥ ኃጢአት ነው።

እህትህ ሙዘየን


ዱይስቡርግ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 1997

ለእህቴ ለሙዘየን፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንዳልስቅ ለመኑኝ፤ አልሳቅሁም፤ ግን ተናደድኩ። ያን ሁሉ የተማረ ሰው በሰፈሩ መሐል የሚመሩ ሴት «ጂን አንኳኳብኝ» ሲሉ ሱዛነ ብትሰማ ምን ትለናለች? ጎብኚዎቹ ናቸው። ማንኳኪያውን ምቱ ብለው አስተምረዋቸው፣ ሲመቱብዎ መደንገጥ ምን ይባላል? ወይም ነፋስ ነው። እባክዎ ለልጄ ይህን ወሬ እንዳይነግሯት። በሩን ያሰናዱ፣ አልጋውን ያንጥፉ፣ ልጆቹ ይምጡ።

ሃይረቲን

ደብዳቤውን ካሸግሁት በኋላ መልሼ ከፈትኩት። ሚስቴ ተኝታለች፤ እሷ ይህን ባታይ ይሻላል። ምናልባት፣ ምናልባት እርሷ ከሆነች፣ በሩን ሲከፍቱ ዝም ብለው አይቁሙ። «ግቢ ፓኪዜ» ይበሏት። በብርድ ደጅ አትቁም።


ሳፍራንቦሉ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃይረቲን፤

አላህ የተከፈተ በር ያድርግህ። የጻፍከውን አደረግኩ። ስትመታ ወርጄ ከፈትኩና «ግቢ ፓኪዜ፣ እናቴ፣ ግቢ» አልኳት። ቀዝቃዛ አየር ብቻ ገባ። ሹክሩ ከደጁ ሆኖ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» አለ፤ እንባዬ መጣ።

በማግሥቱ ግን ከድሮው ባሰች። በቀን ሦስቴ አራቴ ሆነ። ጎብኚዎች ደጄ ላይ ቆመው ወሬዬን እያዳመጡ ሳለ ማንም ሳይነካት ቅጭል አለች። አንዱ ሰውዬ «ይሄም የጉብኝቱ አካል ነው?» ብሎ አጨበጨበ። እኔ ሳቅ ብዬ «አዎ፣ የሰፈሩ ደንብ ነው» አልኩ። 

ስለዚህ አፏን አሰርኳት። ለበዓል የማደርጋትን አረንጓዴ የሐር ሻሼን አውጥቼ ትንሿን ማንኳኪያ ጠቅልዬ አሰርኳት። ቁርዓን ቀርቼ ነው ያሰርኳት፤ ክፋት የለበትም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። ክረምቱን ሙሉ ያላገኘሁትን እንቅልፍ አሁን ጠገብኩ፤ አልሃምዱሊላህ።

እና በሪን ትምጣ። የፊት ክፍሉን አጽድቻለሁ። በሩ አሁንም አይዘጋም፤ ጨርሶ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል፤ ግን መጋረጃ ሰቅዬለታለሁ። በመስኮቱና በግድግዳው መሐል ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበር፤ ብርድ እንዳይገባ ጨርቅ ሞላሁበት። ለልጆቹ ብርቱካን በሳህን አስቀምጬ አንዱ ቢያመልጠኝ ተንከባሎ መስኮቱ ሥር ሄደ። ባነሣው፣ ባስቀምጠው፣ አሁንም ወደ መስኮቱ! እንደ በሪን መንገዱን ማየት አምሮት ይሆናል።

በዓሉን የሰላም ያድርግልን።

እህትህ ሙዘየን


ዱይስቡርግ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 1997

እህቴ ሙዘየን፤

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ ዛሬ በበዓሉ ቀን ደረሰኝ። ልጄ ትናንት እርስዎ ዘንድ ገብታለች።

ከቤት ይውጡ። ይህን እንዳነበቡ፣ ምንም ሳይዙ፣ ልጆቹን ይዘው ይውጡ!

ብርቱካኑን ሳነብ ነው ድንገት የገባኝ። ልጅ ሆኜ ብረት የጫኑ በቅሎዎች በመንገዳችን ሲያልፉ ያቺው የእርስዎ ትንሿ ማንኳኪያ በራሷ ትንኳኳ ነበር። ቀላል ናት፣ ማጠፊያዋም የላላ ነው። እናቴ «ቤቱ ተንቀጠቀጠ» ትል ነበር። ይህን እንዴት ረሳሁት? የሚያንኳኳው ሰው አይደለም፣ እናቴም አይደለች፤ ቤቱ ራሱ ነው። በሩ ተንጋዷል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ ወለሉ ወደ መንገዱ ዘምሟል። ምንጩ ደረቀ ብለውኝ ነበር፤ ታዲያ ውሃው የት ሄደ? ድመት ያወቀችውን እኔ የመንፈስ ወሬ ይዤ ስሟገት ከረምኩ። እርስዎ ደግሞ ሊነግርዎት የሚሞክረውን አፉን አሰሩት።

ከጠዋት ጀምሮ የሱቁን ስልክ እደውላለሁ። ይጮኻል፣ ማንም አያነሣም፤ ለበዓሉ ዘግቶ ወደ መንደሩ ሄዷል መሰለኝ። ከዚያ ሰፈር ሌላ ቁጥር አላውቅም። የሳፍራንቦሉ ፖስታ ቤትም ዝግ ነው። የፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ከአንድ ወዳጄ አግኝቼ ስደውል አንድ ልጅ እግር ፖሊስ «ጌታዬ፣ በበዓል ቀን ቤቱ ሊወድቅ ነው ብለው ከጀርመን ነው የሚደውሉት? ማን ነገረዎት?» አለኝ። ብርቱካን ነገረኝ ልበለው? ዘጋብኝ። እንደገና ብደውል ያው ልጅ አነሣው።

ሚስቴ ለእንግዶች በግ እያወራረደች ነው። ለማን እንደምደውል አልነገርኳትም። የፊት ክፍሉ ውስጥ ይተኙ ያልኩት እኔ ነኝ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ይህ ነው እንዴ? ይህ ደብዳቤ በሰዓቱ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ነገ ከነጋ አውሮፕላን እፈልጋለሁ።

ሃይረቲን


ሳፍራንቦሉ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1997

ለወንድሜ ለሃይረቲን፤

አላህ ሲያወርድም ሲያነሣም ምስጋና ይድረሰው። ልጅህ ደህና መሆኗን ስልኩ ላይ ሰምተሃል፤ ግን በዚያ ለቅሶና ጩኸት ምን እንደተናገርን እኔም አላውቅም። በሪንም «ተወው፣ አትምጣ» ብላ ስለከለከለችህ ተቀይመሃል ተብሏል። አትቀየማት። ነገሩን በሥርዓት ልጻፍልህ።

የበዓሉ ሁለተኛ ቀን ነበር። ጠዋቱን ሙሉ በእግር አዙሬያቸዋለሁ። ልጅህ ድንጋዩን ሁሉ በእጇ ካልነካሁ አለች። አንጥረኞቹ ዘንድ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት «የፓኪዜ የልጅ ልጅ» ብላ መለሰች፤ አንዱ ሽማግሌ መዶሻውን አስቀምጦ ግንባሯን ሳማት። ሱዛነ ደግሞ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ በካልሲ ዳገቱን ወጣች፤ ሰፈሩ ሲስቅባት ዋለ። ደጃችን ስንደርስ ሁለቱም ትልቁን ማንኳኪያ እየመቱ ተጫወቱ። በሪን በሻሽ የተጠቀለለችውን አይታ «አክስቴ፣ ይቺ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። «ጉሮሮዋን ታማለች» አልኳት።

ከዚያ ምሳ። የፊት ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ትሪውን መሐል አድርገን ተቀመጥን። ሥጋውን ገና እየቆረጥኩ ሳለ ከታች አንድ ጊዜ፣ ድው!

የወንዱ። ትልቁ። ሃይረቲን፣ ያ ብረት በሰው እጅ እንኳ የሚነሣው በመከራ ነው።

እኔ ግን ቤቱ ነው ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በበዓል ቀን ወንድ እንግዳ መጣ፤ የፊት ክፍሉ የወንድ እንግዳ መቀበያ ነው፤ ሴቶች ትሪ ዘርግተው፣ ፀጉር ፈትተው ተቀምጠውበታል። እናቴ ያስተማረችኝ፣ እናትህም ታደርገው የነበረው አንድ ነገር ነው።

«ተነሡ! ትሪውን ያዙ! ወደ ጓሮ!»

«አክስቴ፣ ማን እንደሆነ በመስኮት ልየው» አለች በሪን። መስኮቱን ልትከፍት እጇን ዘርግታ ነበር።

«አንቺ ነይ ወዲህ! ወንድ ነው ያንኳኳው፤ ትከሻሽ ራቁቱን ነው!»

«እሺ እኔ ወርጄ ልክፈትለት?»

«ነይ አልኩሽ!»

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ጎትቼ ነው ያወጣኋት፤ ክንዷ እስካሁን ጠቁሯል፤ ይቅር በለኝ። ትሪውን ሱዛነ ተሸክማ በኋላው መተላለፊያ ወደ ጓሮው ማድ ቤት ገባን። እኔም እንግዳው ደጅ ቆሞ ቀረ ብዬ ልወርድ ስል ራሴን ዳሰስኩ፤ ሻሽ የለኝም። የበዓል ሻሼ ማንኳኪያዋ ላይ ናት። ራሴን ሳልሸፍን እንዴት እከፍታለሁ? ሌላ ልፈልግ ሳጥኑን ስከፍት ነው ያ ድምፅ የመጣው።

እንዲህ ነው ብዬ ልነግርህ አልችልም። ወለሉ ከእግሬ ሥር ዘለለ፣ ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ ዝምታ። መጋረጃ የሰቀልኩበትን በር ገልጬ ባይ ሰማይ ነው ያለው። ክፍሉ የለም። መስኮቱ፣ የእናትህ አልጋ፣ ብርቱካኖቹ፣ ደረጃው፣ በሩ፣ ሁሉም መንገዱ ላይ ነው። በሪን አላለቀሰችም። ቀሚሴን በሁለት እጇ ይዛ እስኪመሽ አለቀቀችኝም።

መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ሹክሩ ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ፍርስራሹን በእጁ እየቆፈረ ስሜን ሲጠራ ከጓሮ ሰማሁት፤ «አለሁ» ስለው እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ሠራተኞች መጥተው መሠረቱን ሲያዩ ለካ የደረቀው ምንጭ ውሃ ከስንት ወር ጀምሮ በቤታችን ሥር ሲፈስ ከርሟል። ተቀይሞን አልነበረም፤ ቤታችን ገብቶ ነበር።

አሁን የማያስተኛኝ ግን ሌላ ነው። ክረምቱን ሙሉ ስንቱን ሰው፣ ስንቱን ሕፃን የያዘ ሰው ከዚያ ክፍል ሥር አቁሜ «ምቱት፣ አትፍሩ» ብያለሁ! ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያቺ ባሏ ድምፀ ቀጭን የሆነው የአንካራ ሴት ትመጣብኛለች።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰ። ፖስተኛው በጓሮ በኩል መዞር አላወቀም። ፍርስራሹ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ላይ እያየ «ሙዘየን እናቴ፣ የቱን ልምታ?» አለኝ፤ ሊቀልድ ነው የጀመረው፣ መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረ።

ትልቁን ማንኳኪያ ሹክሩ ወስዶ እያቃናው ነው። ትንሿን ሻሼ እንደታሰረባት ከአፈሩ አውጥተናታል፤ በበሪን እጅ ልኬልሃለሁ። ሻሹን አልፈታሁትም፤ አንተ ፍታላት። እዚያ በርህ ላይ ትከላት። አንድ ቀን በራሷ ካንኳኳች ግን እናቴ መጣች ብለህ አትቀመጥ፤ ልጅህን ይዘህ ውጣ።

እህትህ ሙዘየን